የፊልም ቃላትና የሂስ ድህነት

ከቡታጅራ ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዙ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አንድ ክብ ሐይቅ ይገኛል። ስሙ ሐረ ሸይጣን ነው። ከአፋፉ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩ ውሃው ላይ ሲያርፍ አያይም፤ መሐል ላይ የሚቀልበው አለ ይላል የአገሩ ሰው። በአዲስ አበባ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከታየባቸው ቀደምት ቤቶች አንዱ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጥቶለት እንደነበር ይታወቃል። የሐይቁና የሲኒማ ቤቱ ስም አውጪዎች አይተዋወቁም፤ የአሰያየማቸው ምክንያት ግን የሚቀራረብ ነው። ዓይን እያየው አእምሮ አሠራሩን ያልደረሰበት ነገር፣ የራሱ ስም እስኪገኝለት ድረስ፣ ለሰይጣን ይሰጣል።

ፊልም ለኢትዮጵያ ተመልካች ምትሃት መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው በጥቁርና ነጭ የተሠራ ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ የቀረበውም በዚያው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ «ጉማ» ታይቷል፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ታይቷል፤ «አስቴር» ታይቷል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህም በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች የሲኒማ ቤቶችን ደጃፍ በሰልፍ አጥለቅልቀዋል። ዛሬ አንድ የቡታጅራ ወጣት በእጁ ስልክ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ድምፅ ያለብሳል። ጥበቡ ከሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ሆኖም እጅ የሚሠራውን ሥራ አንደበት ገና በስሙ አልጠራውም። የአማርኛ የፊልም ሂስ ደካማነት ብዙ ምክንያት ሊሰጠው ቢችልም፣ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ የቃል ድህነት ነው።

ድህነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ አንድ የአማርኛ ፊልም የሚጻፍ አስተያየት በአብዛኛው በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይጠቃለላል። ታሪኩ ጥሩ ነው ወይም ተደጋጋሚ ነው፤ ትወናው ሕያው ነው ወይም ደካማ ነው፤ መልእክቱ አስተማሪ ነው ወይም አይደለም። እነዚህ ፍርዶች ስለ ልብ ወለድም፣ ስለ መድረክ ተውኔትም፣ ስለ ሬዲዮ ድራማም ያለ አንዳች ለውጥ ሊነገሩ የሚችሉ ናቸው። ፊልምን ፊልም ያሰኘው ነገር፣ ይኸውም ካሜራው የቆመበት ስፍራ፣ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ የአንዱ ምስል ከሌላው ጋር መጋጠም፣ ሳይነሣ ይቀራል። ሐያሲው ይህን የሚያልፈው ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ ያየውን የሚጠራበት ቃል ስላጣ እንጂ።

የተወረሰው ሀብት

አማርኛ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አልመጣም። የሥነ ጽሑፍ ጥናት ያስገኛቸው ቃላት ለፊልምም ቅርስ ሆነዋል። ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ በአንድነት የሚያመለክተው «መቼት»፣ «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የተበጀ ሲሆን፣ ብልኅ ስያሜ ምን ሊመስል እንደሚገባው የሚያሳይ ነው። «ገጸ ባሕርይ»፣ «ሴራ»፣ «ግጭት»፣ ወደኋላ ተመልሶ ያለፈውን የሚያሳየው «ምልሰት»፣ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመው «ንግር» ሁሉም አገልግሎት ላይ ናቸው። ከቴአትርም «ገቢር»ና «ትዕይንት» ተገኝተዋል።

እነዚህ ቃላት ግን በወረቀትና በመድረክ ላይ የተፈተኑ በመሆናቸው ወደ ፊልም ሲሻገሩ የሚጎድላቸው አለ። «ትዕይንት»ን ለምሳሌ እንውሰድ። በመድረክ ላይ ትዕይንት ማለት በአንድ ቦታና በአንድ ተከታታይ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ተመልካቹም ከመቀመጫው ሳይነሣ ከአንድ አቅጣጫ ያየዋል። በፊልም ግን ያው ትዕይንት ከብዙ ትናንሽ ቁራጮች የተሰፋ ነው። ካሜራው መቅረጽ ከጀመረበት እስካቆመበት ያለው ያልተቋረጠ ምስል አንድ ቁራጭ ሲሆን፣ በሙያው ሰዎች አንደበት «ሾት» ይባላል። ያንኑ ቁራጭ ደግሞ ደጋግሞ መቅረጽ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሙከራ «ቴክ» ነው። ብዙ ሾት አንድ ትዕይንት፣ ብዙ ትዕይንት አንድ የታሪክ ክፍል፣ ብዙ ክፍል አንድ ፊልም ይሆናል። ፊደል፣ ቃል፣ ዐረፍተ ነገርና አንቀጽ ያልተለዩበት የሰዋስው ትምህርት እንደማይኖር ሁሉ፣ ሾትንና ትዕይንትን ያልለየ የፊልም ሂስም ሥራውን ሊሠራ አይችልም። በጽሑፍ ግን ሁለቱም «ትዕይንት» ሲባሉ ይታያል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ተጠቃለው «ቀረጻ» ይባላሉ። «ቀረጻ» ደግሞ በበኩሉ ሥራውንም፣ የሥራውን ቀንም፣ የተገኘውን ምስልም፣ የድምፅ ቅጅንም የሚያመለክት በመሆኑ ሸክሙ በዝቶበታል።

የገበያ ቀን በቡታጅራ

ቃላቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ ወጣት የቡታጅራን ገበያ ሊቀርጽ ተነሣ እንበል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት። ወጣቱ ከሩቅ ቆሞ ተራራውን፣ ከተማውንና ወደ ገበያ የሚጎርፈውን ሕዝብ በአንድ ምስል ቢያጠቃልል የሩቅ ዕይታ ይሆናል። ይህ ዕይታ ሰውን ትንሽ፣ አገርን ትልቅ ያደርጋል፤ «ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ነው?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል። ቀርቦ አንዲትን በርበሬ ሻጭ ከወገቧ በላይ ቢያሳይ የመካከለኛ ዕይታ ነው፤ ንግግርና የእጅ እንቅስቃሴ በዚህ ርቀት ይነበባሉ። ይበልጥ ተጠግቶ የማረቆን በርበሬ የምትለቅመውን ጣቷን፣ ወይም ገዢው ዋጋ ሲያቃልልባት የሚኮማተረውን ግንባሯን ብቻ ቢያሳይ የቅርብ ዕይታ ሆነ። እዚህ ላይ ገበያው ከስክሪኑ ይወጣል፤ የአንዲት ሴት የዕለት ኑሮ ብቻ ይቀራል።

ሦስቱ ዕይታዎች የርቀት ልዩነት ብቻ የሚመስሉት የፊልምን ቋንቋ ላልተማረ ሰው ነው። በእርግጥ ሦስት የተለያዩ አስተያየቶች ናቸው። ገበያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሩቅ ብቻ ያሳየ ፊልም ሻጯን ከሕዝብ ቍጥር አንዷ አድርጓታል፤ በቅርብ ዕይታ ብቻ ያሳያት ደግሞ ከአገሯና ከጎረቤቶቿ ነጥሏታል። ሐያሲው «ፊልሙ ስለ ሕዝቡ ኑሮ በቂ ግንዛቤ የለውም» ብሎ በጅምላ ከሚፈርድ፣ የዕይታ ርቀቱን ጠቅሶ ቢያስረዳ ፍርዱ ማስረጃ ያገኛል። ቀራጩም ስሕተቱን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እርምጃ ይጠጋል ወይም ይርቃል።

ገዢውና ሻጯ ሲከራከሩም ሌላ ጉዳይ ይነሣል። በሁለቱ መካከል አንድ የማይታይ መስመር ተዘርግቷል እንበል። ካሜራው ከመስመሩ በአንዱ ወገን እስከ ቆየ ድረስ ገዢው ወደ ቀኝ፣ ሻጯ ወደ ግራ ሲመለከቱ ይታያሉ፤ ተመልካቹም ፊት ለፊት መሆናቸውን አይጠራጠርም። ካሜራው መስመሩን ከተሻገረ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ፣ የተኳረፉ ይመስላሉ። በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች የ180 ዲግሪ ደንብ የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ተመልካች በአማርኛ ፊልሞች ውስጥ በዚህ ስሕተት ግራ ተጋብቶ ያውቃል፤ ነገር ግን «የሆነ ነገር አልጣመኝም» ከማለት አልፎ ምክንያቱን መናገር አልቻለም።

የጉራጌ አገር ለፊልም ቋንቋ ትምህርት የሚመች ሌላም ሀብት አለው። ጀፎረ በሁለት ወገን ቤቶች የተሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር ጎዳና ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሸንጎና ለልጆች ጨዋታ የሚውል የጋራ ስፍራ ነው። ካሜራ ከጀፎረው አንድ ጫፍ ቢቆም መስመሮቹ ወደ ሩቅ እየጠበቡ ይሄዳሉ። አሁን አንዲት እናት ከፊት በቅርብ እንሰት ስትፍቅ፣ ከኋላዋ በሩቅ ደግሞ ለቅሶ ደራሾች ሲመጡ ሁለቱም ጥርት ብለው ቢታዩ፣ ተመልካቹ እርሷ ያላወቀችውን መርዶ ቀድሟት ያውቃል። ቅርቡም ሩቁም በአንድነት የሚጠሩበትን ይህን ዘዴ ኦርሰን ዌልስና ካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ እ.ኤ.አ. በ1941 በ«ሲትዝን ኬን» ፊልም ገንነው አሳይተውታል። በአማርኛ «ጥልቅ ጥራት» ቢባል የሚያስኬድ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን ስሙ አይደለም፤ ስም ያገኘ ዘዴ ለሚቀጥለው ቀራጭ መሣሪያ ሆኖ መተላለፉ ነው።

መቁረጥና መቀጠል

ፊልምን ከሌሎች ጥበባት ሁሉ የሚለየው የምስሎች መጋጠም ነው። ሩስያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ይህን ለማረጋገጥ ያደረገው ሙከራ በመላው ዓለም ይጠቀሳል። የተዋናዩን የኢቫን ሞዡኪንን አንድ ዓይነት፣ ስሜት የማይነበብበት ፊት፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጋጠመው። ተመልካቾቹም በዚያው ባልተለወጠ ፊት ላይ ረኀብን፣ ኀዘንንና ፍትወትን አነበቡ። ሰርጌይ አይዘንስታይን ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1925 በ«የጦር መርከብ ፖተምኪን» ውስጥ ሁለት ምስሎች ሲጋጩ ከሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ እንደሚወለድ በሥራ አሳየ። ቃሉም ከፈረንሳይኛ የተወሰደው «ሞንታዥ» ነው።

በአማርኛ ይህ ሥራ «ኤዲቲንግ»፣ «አርትዖት» ወይም «የምስል ቅንብር» እየተባለ ይጠራል። «አርትዖት» የጽሑፍ እርማትን የሚያስታውስ በመሆኑ ሥራውን ጉድፍ ማጥራት ብቻ ያስመስለዋል። «ቅንብር» ይሻላል፤ የተለያዩ ነገሮችን አዋሕዶ አዲስ ነገር መፍጠርን ያመለክታልና። ችግሩ ሙዚቀኛውም፣ የሬዲዮ ፕሮግራም አቅራቢውም ይህንኑ ቃል መያዛቸው ነው። «ምስል» የሚለው ገላጭ ሁልጊዜ አብሮ ከተነገረ ግን መምታታቱ ይወገዳል። ከሁሉ የሚብሰው ቅንብርን የማሽን ሥራ አድርጎ የማየት ልማድ ነው። በርበሬ ሻጯን ካሳየ በኋላ የልጇን ባዶ የደብተር ቦርሳ ያስከተለ ቀራጭ ስለ ትምህርት አንድ ቃል ሳይናገር ብዙ ተናግሯል። ይህን ያስተዋለ ሂስ የቅንብር ሂስ ነው።

የድምፅ ነገርም እንዲሁ ነው። የአማርኛው «ድምፅ» የሰውን አንደበት፣ የነገርን ጩኸት፣ የምርጫን ውሳኔ ሁሉ የሚሸከም ቃል ነው። በፊልም ግን ቢያንስ ሁለት ነገር መለየት አለበት፤ ከታሪኩ ውስጥ የሚፈልቅ ድምፅና ከውጭ የተጨመረ ድምፅ። በቡታጅራ ማለዳ የአዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል ድምፅ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የሚሰሙት ነው፤ የመቼቱ አካል ነው። በኀዘን ትዕይንት ላይ የሚንቆረቆረው ዋሽንት ግን ለተመልካቹ ብቻ የተላከ ነው። በአያሌ የአማርኛ ፊልሞች ይህ ሁለተኛው ዓይነት ድምፅ የመጀመሪያውን ውጦት ይገኛል። ለቅሶው ሳይጀመር ሙዚቃው ያለቅሳል፤ ተመልካቹ ራሱ እንዲያዝን ፋታ አይሰጠውም።

ሁለት ምስክሮች

ቃላቱ ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዱ ብቻ እንዳይመስሉ የአገር ውስጥ ምስክሮችን መጥራት ተገቢ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በአብዮቱ ዋዜማና ጅማሬ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነበር። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለ መሬቱ ከፍ ካለ ስፍራ ተቀምጦ በታች የሚሠሩትን ጭሰኞች ይቆጣል፣ ያዝዛል። በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሆነ የሚናገረው ቃለ ተውኔቱ ብቻ አይደለም፤ የካሜራው ማዕዘን ነው። ከላይ ወደ ታች የታየ ሰው ያንሳል፤ ከታች ወደ ላይ የታየ ይገዝፋል። ሥራው ከማለዳ ጀምሮ በረጃጅም ያልተቆረጡ ሾቶች መቅረቡም ለብዙ ተመልካች ዝግታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የጭሰኛው ድካም ተቆራርጦ ቢቀርብ ድካም መሆኑ ይቀር ነበር። ርዝመቱ የፊልሙ ይዘት ነው። «ፊልሙ ይጎተታል» የሚለውና «ፊልሙ በረጅም ሾት የድካምን ጊዜ ያስቈጥራል» የሚለው ሁለቱ ፍርዶች ከአንድ ምልከታ የተነሡ ናቸው፤ የሚለያቸው የቃል መኖርና አለመኖር ነው።

ሁለተኛው ምስክር የዚያው አዘጋጅ ሥራ የሆነው «ጤዛ» ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ከጀርመን አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ያለፈ ሕይወቱን የሚያስታውሰው በቅደም ተከተል አይደለም፤ ስብርባሪው እየመጣ ይወጋዋል። እዚህ ላይ «ምልሰት» የሚለው የሥነ ጽሑፍ ቃል ፈተና ይገጥመዋል። በልብ ወለድ ውስጥ ምልሰት አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ለማስረዳት ይመጣል። በ«ጤዛ» ግን ምልሰቱ ቁስሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ይቀጥላል፤ ትርጉሙ ግን በፊልም ተግባር ይሰፋል። የሙያ ቃል በመዝገብ ውስጥ ተኝቶ ሳይሆን በሥራ ላይ እየተፈተነ የሚያድገው እንዲህ ነው።

የሠራተኛው ስም

የቃሉ መደባለቅ ከሂስ አልፎ የሰውን እንጀራም ይነካል። በአማርኛ ፊልሞች ማስታወቂያ ላይ «ድርሰትና ዝግጅት» የሚለው ሐረግ የተለመደ ነው። «ዝግጅት» ማለት ምንድነው? «አዘጋጅ» የመጽሔት ኃላፊም፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ባለቤትም፣ የድግስ አሰናጅም፣ የፊልም መሪም ነው። የፊልሙን ጥበባዊ ውሳኔ ሁሉ የሚሰጠው ሰው «ዳይሬክተር» ሲባል፣ ገንዘቡንና ሰውን የሚያሰባስበው ደግሞ «ፕሮዲዩሰር» ይባላል። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች በአንድ «አዘጋጅ» ስም ሲጠቀለሉ ተጠያቂነታቸው ይደበዝዛል። የካሜራ ባለሙያው «ካሜራማን» ሲባል ዕቃ ተሸካሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ብርሃንን፣ ሌንስንና የዕይታ ርቀትን አስልቶ የምስሉን መልክ የሚወስነው እርሱ ነው። መብራት የሚያቆመው፣ ድምፅ የሚቀዳው፣ የትዕይንቶችን ተከታታይነት እየመዘገበ የተዋናዩ ነጠላ ከሾት ሾት ትከሻ እንዳይቀይር የሚጠብቀው፣ ብዙውን ጊዜ ስማቸው በግልጽ አይጻፍም። ሥራው ስም የሌለው ሠራተኛ ስለ ዋጋው መከራከር አይችልም። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት «ቪዲዮ አንሺ» ብቻ ተብሎ ሲጠራና ራሱም ሥራውን በዚያ ስም ሲያውቅ፣ ቀራጭም፣ የብርሃን ባለሙያም፣ የምስል ቀናባሪም መሆኑን ራሱ ሳይገነዘበው ይቀራል።

ቃል ከወዴት ይምጣ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጽንፎች አሉ። አንደኛው ወገን የፊልም ቋንቋ የዓለም ቋንቋ ስለሆነ «ሾት»ና «ካት» ይበቃሉ ይላል። ሁለተኛው ወገን ለእያንዳንዱ የባዕድ ቃል ከግዕዝ ሥር አዲስ ቃል ካልተፈለፈለ ቋንቋው ተዋረደ ይላል። ሁለቱም ልማድን አይመለከቱም። «ፊልም»፣ «ካሜራ»ና «ሲኒማ» ባዕድ ቃላት ነበሩ፤ አሁን ግን የቡታጅራ ሕፃን ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። «መቼት» በበኩሉ አዲስ ቃል ነበረ፤ ትርጉሙን በመልኩ ስለተሸከመ ተማሪው ሁሉ ለመደው። በአንጻሩ በመዝገብ ተመዝግበው አንድም አፍ ያልነካቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ መመዘኛው የቃሉ ዘር አይደለም። ቃሉ አንድ ነገር ብቻ ያመለክታል ወይ? በሥራ ቦታ ሲጠራ ሠራተኛው ይረዳዋል ወይ? በጽሑፍ ሲነበብ ተመልካቹ ያስታውሰዋል ወይ? ሦስቱን ያለፈ ቃል፣ ከእንግሊዝኛም ይምጣ ከግዕዝ፣ አማርኛ ነው።

ሕዝቡ ራሱ ቃል አውጪ መሆኑም መረሳት የለበትም። በቪዲዮ ቤቶች ዘመን በየከተማው ያደጉ ልጆች «አክተር አይሞትም» ይሉ ነበር። ይህ እንደ ቀልድ ቢነገርም፣ የንግድ ፊልም ሴራ ዋና ገጸ ባሕርዩን ለምን እንደሚጠብቅ በሦስት ሴኮንድ የሚያስረዳ ሂስ ነው። «የህንድ ፊልም» የሚለው አባባልም እንባን፣ ዘፈንንና የጠፋ ዘመድ መገናኘትን በአንድነት የሚያጠቃልል የዘውግ ስም ሆኖ አገልግሏል። ከመስቃን፣ ከስልጤ፣ ከማረቆና ከክስታኔ የመጡ ሰዎች በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ቡታጅራም የዕይታ፣ የርቀት፣ የብርሃንና የጥላ ቃላት በብዙ አንደበት የሚነገሩባት ስፍራ ናት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ «የሺንጋ መንደር» የተባለው መጽሐፍ የጉራጌን መንደር ሕይወት በትዕይንት በትዕይንት እንዳቀረበ ይታወቃል። በሥነ ጽሑፍ የተቻለው በፊልም የማይቻልበት ምክንያት የለም፤ የፊልም ሙያ ቃላትም ከአማርኛ ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ቋንቋዎች ጭምር ሊለቀሙ ይገባል።

ይህ ሥራ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ሊቅ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. በማኅበር ተደራጅተው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ታሪክ ነው። መንገዱን አንዱ ብቻ አልቀየሰውም፤ አንዱ ብቻም አልጠረገውም። የፊልም ቃላትም መንገድ ናቸው። የፊልም ትምህርት ቤቱ ትርጉማቸውን ይወስን፤ የፊልም ሠሪው በሥራ ቦታ ይፈትናቸው፤ ማስታወቂያ ጸሐፊው የሠራተኛውን ስም በትክክለኛ ማዕረጉ ይጻፍ። ሐያሲው ደግሞ «ታሪኩ ጥሩ ነው» ብሎ ከማለፉ በፊት ካሜራው የት እንደቆመ ይጠይቅ። ያን ጊዜ ሂስ ለፊልም ሠሪው ስድብ ወይም ሙገሳ መሆኑ ይቀርና የሥራ እገዛ ይሆናል፤ ተመልካቹም ያልጣመውን ነገር በስሙ ጠርቶ የተሻለ መጠየቅ ይጀምራል።